አስተናግር አይደለም፣ እትዬ

ሰኞ ጠዋት ጢሜን ልላጭ መስታወት ፊት ስቆም አንዱ ዓይኔ የሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ። የግራው ብሌን እንደ ወትሮው ቁንዶ በርበሬ ያክላል። የቀኙ ግን አድሮ አተር አክሏል። ወደ አምፖሉ አስጠጋሁት፤ ንቅንቅ የለም። በመዳፌ ከድኜ ገለጥኩት፤ ያው ነው። ባለቤቴን ጠራኋት። ትክ ብላ አየችኝና "ትናንት ማታ ከማን ጋር ነበርክ?" አለች።

"ስትሮክ" የሚለው ቃል በሆዴ እየተመላለሰ ቦሌ ወደሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ ከነፍኩ። ሐኪሙ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። ፈገግ ይበሉ አለኝ፣ ፈገግ አልኩ። እጅዎን ያንሱ አለኝ፣ አነሣሁ። ራስ ምታት? የለም። መውደቅ? የለም። ብሌን የሚያጠብ ጠብታ ጨመረብኝና ጥግ ላይ አስቀመጠኝ። ጊዜው ሄደ፣ ብሌኔ ግን የሹም ዶሮ ሆነች፤ እሽ የሚላት ጠፋ። እኔ ይኼኔ ኑዛዜዬን እያሰላሰልኩ ነው፤ የሐኪሙ ፊት ግን ፈታ አለ።

"የነርቭ ጣጣ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጠብታ ትጠብ ነበር። ይኼ ከውጭ የገባ ነገር ነው። ትናንት አትክልት ሲነካኩ ነበር?"

ነበርኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስከረክም ዋልኩ፤ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ በእጄ ጠረግሁት።

"አበባው ትልቅ ነው? ወደ መሬት የሚንጠለጠል?"

ነው አልኩ። ሳቀብኝ። በጥቂት ቀናት ይመለሳል አለ። "እኛ ለምርመራ ብሌን የምንከፍትበት መድኃኒት እኮ የዚሁ ዘመድ ነው። እርስዎ በነፃ ወስደውታል" ብሎም ጨመረልኝ። ካርዱና ምርመራው ግን በነፃ አልነበረም።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች አምና ሰኔ ስለገዛኋት ዱላ ታስታውሳላችሁ። ከሲኤምሲ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡ ልጆች ነው የገዛኋት። ክንድ የምታህል፣ አንድ ቅጠል የሌላት፣ በጥቁር ላስቲክ ውስጥ የተቸከለች እንጨት ነበረች። ስሟን ስጠይቅ አንዱ "መለከት ናት" አለኝ። ጓደኛው "ደወል ናት እንጂ" ብሎ አረመው። ሦስተኛው ሁለቱንም ገፋ አድርጎ "ጋሼ፣ ፈረንጆቹ ትራምፔት ነው የሚሏት" አለ። በሦስት ስም አንድ ዱላ በ250 ብር ይዤ ገባሁ። የዚያን ቀን ቤቴ የተባለውን እዚህ አልደግመውም።

በመጽሐፍ ስሟ ብሩግማንሲያ ነው፤ ብሩግማንስ በሚባል ሆላንዳዊ ምሁር የተሰየመ። እኔ መለከት ብዬ ቀጠልኩ። ይህች ስያሜ በኋላ ጣጣ አምጥታብኛለች፤ እመለስበታለሁ።

ለጀማሪ ከእሷ የተሻለ ተክል አላየሁም፤ ዓይኔን እንዲህ አድርጋውም ቢሆን የምለው ይህንኑ ነው። ጽጌረዳ እንደ ሕፃን ነው፤ ባሳለ ቁጥር ሐኪም ይፈልጋል። መለከት ግን ቁራጯን እርጥብ አፈር ላይ ቸክለህ ብትረሳትም ትጸድቃለች። በክረምቱ መግቢያ ተከልኳት፤ ለሳምንታት እንጨት ሆና ቆየች። አንድ ጠዋት አንጓዋ ላይ አረንጓዴ ጥፍር የምትመስል ነገር ወጣች። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! ነሐሴ ሲያልቅ ወገቤ ጋ ደርሳለች፤ ቅጠሏ እንደ ሰፌድ ተዘርግቷል።

አበባ ግን የለም። መስከረም ጠባ፣ ወጣ፤ የለም። ማዳበሪያ ቀየርኩ፣ ቦታዋን ተጠራጠርኩ፣ ሻጩን ረገምኩ። ሚስጥሩን የነገረኝ አንድ አትክልተኛ ነው፤ "ባላ አውጥታለች?" አለኝ። ግንዷ ቀጥ ብሎ ያድግ ያድግና አንድ ቦታ ላይ እንደ ወንጭፍ እንጨት ለሁለት ይከፈላል። እዚያ ባላ ላይ ሳትደርስ አታብብም። ቁራጩ ከባላው በላይ ከተወሰደ ቶሎ ያብባል፤ ከበታች ከተወሰደ እንደ እኔዋ ቁመቷን ጨርሳ ነው። የመንገድ ዳር ልጆች ይህን ያውቁ ይሆን? የሚያውቁማ ከሆነ የላይኛውን ለራሳቸው አስቀርተውታል።

ሌላው ጠባይዋ ጥማቷ ነው። በምኖርበት ገርጂ ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። እሷ አታውቅም። በበጋ እኩለ ቀን ላይ ቅጠሏን እንደ ረጠበ ፎጣ ጥላ ትቆያለች፤ ያየ ሰው ሞተች ይላል። አንድ ጄሪካን ስታፈስባት ከሻይ ሰዓት በፊት ቀና ትላለች። የሮቶው ውኃ ቢያልቅ ቤት ውስጥ ማን ጥፋተኛ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ሆዳምም ናት፤ የበሰበሰ ፍግ ያገኘች እንደሆነ በሳምንት ልዩነት ትለያለች። በክረምት ደግሞ ቀንድ አውጣ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ቅጠሏን ወንፊት ያደርገዋል። እሱን በባትሪ እየለቀምኩ ነው የከረምኩት፤ ሌላ ዘዴ አልሞከርኩም።

አበባዋ ዘንድሮ መጣ፤ መስከረም አጋማሽ ላይ። ርዝመቱ ከስንዝር ያልፋል። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይፈካል፤ ውሎ ሲያድር ወደ ኮክ ቀለም ይዞራል። ቀን ምንም አይሸትም ማለት ይቻላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን አንድ ሰው በግቢው ውስጥ የሽቶ ጠርሙስ የሰበረ ይመስላል። እኛን ብላ አይደለም፤ ሌሊት የሚዞረውን የእሳት እራት ነው የምትጠራው። ለነጭነቷም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በጨለማ እንድትታይ።

ከቤቴ በላይ አውሮፕላን ያልፋል። ሌሊት ከቦሌ ከሚነሡት ውስጥ ወደ አውሮፓ ጽጌረዳ የሚያጓጉዙ አሉ። አንዴ ለኤክስፖርት ከሚዘጋጀው አንድ እቅፍ ደርሶኝ አፍንጫዬን ቀበርኩበት፤ ካርቶን ካርቶን ይላል። በማሰሮ ብዙ ቀን እንዲቆይ ተብሎ ሲዳቀል ሽታው መንገድ ላይ ቀርቷል። የመለከቴ አበባ በጥቂት ቀን ጠውልጋ ትወድቃለች፣ ግን አንዲቷ ብቻ ሠፈር ታውዳለች።

ይህ ማወድ ነው ጎረቤቴን እትዬን ያመጣብኝ።

እትዬን ታውቋቸዋላችሁ። የቆሻሻ መኪና ደወልን በተመለከተ፣ የዘበኛችንን ሬዲዮ በተመለከተ፣ የእድር ድንኳን አጣጣፍን በተመለከተ በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ተሸንፌላቸዋለሁ። ያለፈው ቅዳሜ በር አንኳኩ፤ እጃቸው ላይ ጫፉ የታኘከ አበባዬን ይዘዋል።

"አንተ ልጅ፣ አስተናግር ተክለህ ሠፈር ልታሳብድ ነው?"

ይህን ጊዜ ነው አዋቂነቴ የተነሣብኝ። "አስተናግር አይደለም፣ እትዬ" አልኩ። አስረዳኋቸው። አስተናግር፣ ዕፀ ፋሪስም የሚሉት፣ ቆሻሻ መጣያና በረት አጠገብ የሚበቅል፣ ከጉልበት ብዙም የማያልፍ፣ አበባው ወደ ሰማይ የቀና፣ ፍሬው እሾሃም የሆነ አረም ነው። የእኔዋ ግን እንጨት ያላት ዛፍ ነገር ናት፤ አበባዋ ወደ ታች ነው፤ ፍሬዋ እሾህ የለውም፤ አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። አብዛኞቹ ዓይነቶቿ ከአንዲስ ተራሮች ናቸው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ የተቀመጠው ቦሌ ቢስማማት አይገርምም። ይልቅስ የሚገርመው፣ በትውልድ አገሯ ጫካ ውስጥ ሁሉም ዓይነቶቿ ጠፍተው ዛሬ ያለችው በሰው እጅ ብቻ መሆኗ ነው፤ እኔ ደግሞ ከእነዚያ እጆች አንዱ ነኝ። እንዲህ እያልኩ ስቀጥል እትዬ አበባውን አፍንጫዬ ሥር አመጡት።

"የልጅ ልጄ ከአጥሩ ላይ ቆርጦ ሊነፋው አፉ ውስጥ አድርጎት ቀማሁት። ምነው ስለው 'መለከት ነው እኮ፣ ጋሼ ነገሩን' አለኝ።"

ዝም አልኩ። ልጁ ደኅና ነው፤ አልዋጠም፣ አፉን አጥበውታል። የእኔ ክርክር ግን እዚያው በር ላይ ቀረ። እሳቸው ያመጡት ስም ውስጡ ማስጠንቀቂያ አለው፤ የበላውን ሰው ያስለፈልፈዋል፣ ያስተናግረዋል፣ ተጠንቀቅ ይላል። እኔ ለሠፈሩ ልጆች ያደልኩት ስም ንፉኝ ይላል።

ሰኞ ከክሊኒክ ስመለስ ደግሞ የባሰ ነገር አነበብኩ። የማነበው በግራ ዓይኔ ብቻ ስለነበረ ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል። የተክሎችን ስያሜ ሥርዓት ያስያዘው ስዊድናዊው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ይህችን ዛፍ የመዘገባት ከአስተናግር ጋር በአንድ ወገን ነው። ለብቻዋ ብሩግማንሲያ የተባለችው እ.ኤ.አ. በ1805 ነው። እትዬ እንግዲህ በሊኒየስ አቋም የጸኑ ናቸው። መርዙም ያው ነው፤ አትሮፒኑ፣ ስኮፖላሚኑ፣ ሁሉም ከቅጠል እስከ ዘር። ለትምህርት ልብ ይከፍታል እየተባለ በቆሎ ተማሪ የሚጠጣው አብሾ፣ ከዚያም ዕድሜ ልክ "እሱ አብሾ አለበት" የሚያስብለው፣ ከአስተናግር ነው ሲሉ እትዬ አልተሳሳቱ ይሆናል። እኔ በጠብታ ላብ አንድ ዓይኔን የሰጠሁ ሰው ልከራከራቸው አልችልም።

በነገራችን ላይ "መጤ ተክል ምን ያደርግልሃል?" እያሉ ለሚጽፉልኝ ሁለት ሦስት ሰዎች መልሴ አጭር ነው። በርበሬም፣ ድንችም፣ ቲማቲምም ከዚያው ከአሜሪካ የመጡ የዚችው የመለከት ዘመዶች ናቸው። በርበሬውን ከሽሮው አውጥታችሁ ኑና እንነጋገራለን።

ለእኔ ከመጤ ዛፍ ይልቅ የሚያሳስበኝ ታይልስ ነው። አዎ፣ እንደገና። ባለፈው ወር ብቻ በእኛ መንገድ ሁለት ግቢዎች ከበር እስከ ጓሮ ተለበጡ። አንደኛው ላይ የነበረ ኮክ ተቆርጦ በቦታው የፕላስቲክ ሣር ተነጠፈ፤ በውኃ ይታጠባል። ክረምት ሲመጣ ያ ሁሉ ዝናብ የሚሰርግበት አጥቶ መንገዱ ላይ ወንዝ ይሆናል፤ ከዚያ የተለበጡት ግቢዎች ባለቤቶች ስለ መንገዱ ያማርራሉ። ከፍ ያለው ቦሌ ላይም ዘንባባው የተተከለው ለመኪና መስኮት እንጂ ለሚቀመጥበት ሰው አይመስለኝም። ምክንያታቸውን ስትጠይቅ "ጭቃ፣ እባብ፣ ቅጠል መጥረግ" ይሉሃል። ገርጂ ላይ እባብ ያየ ካለ እጁን ያውጣ።

ማክሰኞ ማታ፣ ጥቁር መነጽሬን እንዳደረግሁ፣ እትዬ ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቡና ደርሶ ነበር። ዓይኔን እንዳዩ "አላልኩህም?" እስኪሉኝ ስጠብቅ እሱን ትተው ስኒ አቀበሉኝ። እንግዲህ ተክሏን ነገ እቆርጣታለሁ አልኩ። ገረማቸው።

"ማን ቁረጥ አለህ?"

"እርስዎ ነዎታ።"

"እኔ ከአጥሩ አርቃት ነው ያልኩት።" ቡናውን እየቀዱ ነገሩኝ። ልጅ ሆነው ከቤታቸው ጓሮ፣ ከፍግ ክምሩ አጠገብ፣ አስተናግር ነበረ። የሚቆርጠው ሰው አልነበረም። ከብቱም ያውቀዋል፣ አይነካውም። ልጅ ሁሉ እግር እንዳወጣ እዚያ ተወስዶ በጣት ይታያል፤ "ይቺን አትንካ፣ ከነካህም እጅህን ሳትታጠብ ዓይንህን አትንካ" ይባላል። ጥርሱን ያመመው አዋቂ ሲመጣ እናታቸው ፍሬውን ከፍም ላይ ጥለው ያጥኑታል። ያንን የሚያደርጉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሌላ ሰው እጁን አይሰድም።

"እና ሽታዋ?" አልኩ።

"ሽታዋማ ምን ይወጣላታል። በመስኮቴ ነው የምትገባው።"

ስለዚህ የፊታችን እሑድ መለከቷ ትነሣለች። ጓንት ገዝቻለሁ፤ የወጥ ቤቱን አይደለም፣ ወፍራሙን። የእትዬ የልጅ ልጅ እንዲያይ ይመጣል፤ መጀመሪያ በጣት ይታያል፣ ከዚያ እጁን ከኋላው አጣምሮ ይቆማል። ሁለት ቁራጭ ከባላው በላይ ቆርጬ አስቀምጣለሁ፤ ትልቋ ባትጸድቅ ዘር እንዳይጠፋ።

የቀረው ቦታው ነው። ከአጥሩ የራቀ፣ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ሳሎኑ መስኮት ሥር ያለው ጥግ ከሁሉ ይሻላል። ይህን ለሰባት ዓመት ለአንባቢዎቼ ሳልናገር የቆየሁት ነገር ነው፦ ያ ጥግ ታይልስ ነው። ግቢያችን ከአጥሩ ሥር ካለችው አንድ ክንድ መሬት በቀር ሁሉም ታይልስ ነው፤ ባለቤቴ በእቁቧ ገንዘብ ያስነጠፈችው።

ዛሬ ጠዋት መዶሻና መሮ ይዤ መስኮቱ ሥር ስቆም ከውስጥ አየችኝ። መስኮቱን ከፈተች።

"አራት ብቻ" አልኳት።

"ሁለት" አለች።

መለከቷ ሥሯ ሰፊ ነው። ሦስት ላይ እንስማማ ይሆናል።