ልዕልቲቱን ፍቷት!

ባለፈው ወር ከአምቦ ተነሥተን ወደ ጭልሞ ወጥተን ነበር። ጊንጪ አጠገብ ካለው ደን ገብተን፣ ጥድ ሥር ተቀምጠን፣ ዳቦና ቆሎ እየተካፈልን ግጥም አነበብን። ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን «ልዕልት ማሕቡባ» የሚል ረዥም ግጥም አሰማን። በግጥሙ ውስጥ አንዲት የኦሮሞ ንጉሥ ልጅ አለች፤ የጀርመን መስፍን በፍቅሯ ይነደፋል፤ በሠረገላ አድርጎ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይወስዳታል፤ በአበባ መካከል ትሞታለች፤ እሱም ዕድሜ ልኩን ያለቅሳል። አጨበጨብን። እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። ዓይናችንን የጠረግንም ነበርን።

ማታ ስንመለስ ግን ጭብጨባው አሳፈረን። ይህን የምንጽፈው ገጣሚውን ለብቻው ለመውቀስ አይደለም። ያጨበጨብነው እኛው ነን እኮ!

እስቲ ነገሩን ከተረቱ አውጥተን እንየው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1837 ሄርማን ፎን ፑክለር-ሙስካው የሚባል የጀርመን መስፍን በካይሮ አንዲት ልጅ ገዛ። ገዛ! አላገኘም፣ አልተዋወቀም፣ አልተማረከም፤ ገንዘብ ከፍሎ ገዛ። እሱ የ1785 ልጅ ነው፤ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። እሷ ገና ልጅ ነበረች። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ከጊቤ ወዲያ ካለው ከጉማ የመጣች ኦሮሞ ናት ይላሉ፤ የኦሮሞ ታሪክ ጸሐፊዎች ቢሊሌ ብለው ያነሷታል። «ማሕቡባ» የዓረብ ቃል ነው፤ «የተወደደች» ማለት ነው። ይህ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ገበያ የሰጣት ስም ነው። እኛ ግን ደረሰኙን እንደ ስም ይዘን ግጥም እንጽፍበታለን።

መስፍኑ የማምሉክ ልብስ አልብሶ በምሥራቅ አገሮች አዞራት፤ ከዚያም ለቪየና መኳንንት የሐበሻ ልዕልት አድርጎ አቀረባት። በመጨረሻ ወደ ርስቱ ወደ ሙስካው ወሰዳት። እዚያ ብርዱ በረታባት፤ ሳምባ ነቀርሳ ያዛት። በ27 ኦክቶበር 1840 ሞተች። መስፍኑ አጠገቧ አልነበረም፤ በርሊን ነበር። የዚህን ሰው «ዘላለማዊ ፍቅር» ነው እንግዲህ ጥድ ሥር ተቀምጠን ያጨበጨብንለት።

ፑክለር የታወቀበት ሙያ መናፈሻ መሥራት ነው። መሬት እየገለበጠ፣ ኩሬ እያስቆፈረ፣ ዛፍ እያስተከለ፣ ተፈጥሮ የተሣለ ሥዕል እንዲመስል አድርጓል። የሙስካው መናፈሻ ዛሬ በጀርመንና በፖላንድ ድንበር ላይ ተዘርግቶ፣ በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ጥበቡን አንነፍገውም። ነገር ግን ለእንዲህ ያለ ሰው ዛፉም፣ ኩሬውም፣ ልጂቱም የአንድ ሥዕል ቁራጮች ናቸው። ለሥዕሉ የምሥራቅ ልዕልት ጎድላው ነበር፤ ገዝቶ አሟላት። ጭልሞን የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊሰወርብን አይገባም ነበር። በ2015 ኖቬምበር የጊንጪ ተማሪዎች ለዚህ ደን ሲሉ አደባባይ ወጥተዋል። ለእውነተኛ ደን የሚቆረቆር ተማሪ በመስፍን መናፈሻ ይታለላል?

«ይወዳት ነበር እኮ፤ በደብዳቤዎቹ ሐዘኑን ጽፏል» ትሉን ይሆናል። ጽፏል፤ አንክድም። ሰው የገዛው ፈረስ ሲሞትበትም ያለቅሳል። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ልጂቱ እምቢ ማለት ትችል ነበር ወይ? «ወደ አገሬ መልሰኝ» ብትል የሚሰማት ነበር ወይ? እምቢታ በሌለበት ቦታ «ፍቅር» የሚለውን ቃል ማን ፈቀደልን?

ደግሞስ ይህ «ልዕልት» የሚባል ነገር! የንጉሥ ልጅ ካልሆነች አናለቅስላትም እንዴ? የገበሬ ልጅ፣ የከብት ጠባቂ ልጅ፣ እንጨት ለቅማ ውሃ ቀድታ ያደገች ልጅ ከእናቷ ጉያ ስትነጠቅ እንባችን ይደርቃል? መስፍኑ ዘውድ የጫነላት ለሳሎን እንድትመጥን ነው። እኛስ ለማን ሳሎን ነው የምንጭንላት? የባላባት አስተሳሰብ በአፋችን እየረገምን በግጥማችን ስንቀልበው ዝም ልንባል አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ግጥሙ የዘለለው መንገድ ነው። ልጂቱ በክንፍ በርራ ካይሮ አልገባችም። በዚያ ዘመን ከጊቤ አገሮች የሚነሣው የሲራራ ነጋዴ ከሊሙ ከሰቃ ገበያ ተነሥቶ፣ በጉድሩ በአሰንዳቦ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ወደ ባሶ ገበያ ይሄድ ነበር። ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ሰው ይነዳ ነበር። ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ጉድሩ ጎረቤታችን ነው። የማረከው የእኛው ሰው ነው፤ የሸጠው የእኛው ሰው ነው፤ ቀረጥ የበላው የእኛው ንጉሥና ባላባት ነው። እኛም አገር ባሪያ የገዛ ሰው ስሙን ለውጦ ይጠራው ነበር። የባርነት መጥፊያ አዋጅ በአገራችን የወጣው በ1942 ነው፤ ልጂቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላ! ጀርመኑን ብቻ ከስሰን እጃችንን የምንታጠብ ከሆነ እኛም ተረት እያወራን ነው።

«ታዲያ ምን እንጻፍ?» ለምትሉ፣ አስቴር ጋኖ አለችላችሁ። እሷም በሊሙ ንጉሥ እጅ በባርነት የወደቀች ልጅ ናት። በ1886 በባሕር ወደ ዓረብ አገር ስትነዳ የኢጣልያ መርከብ አስጣላት፤ ምጽዋ አጠገብ በምኩሉ ከስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። በ1894 የወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ የእሷና የኦኔሲሞስ ነሲብ ሥራ ነው። በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ትልቅ ድካም አላት። ኋላም ወደ ወለጋ ተመልሳ አስተማረች። ልዩነቱን ልብ በሉ! አንዷን ሌላው ሰው ጻፋት፤ ሌላዋ ራሷ ጻፈች። በመካከላቸው ያለው ርቀት የውበት አይደለም፤ የነፃነት ነው። ስለ አስቴር ግን ስንት ግጥም ሰማችሁ? እኛ አንድም አልሰማን። ሠርታ ያረጀች ሴት ለሥዕል አትመችም መሰለን።

መስፍኑ በ1871 ሲሞት ብራኒትስ በሚባል ሌላ ርስቱ፣ በሐይቅ መካከል ባሠራው የአፈር ፒራሚድ ተቀበረ። እስከ መቃብሩ ድረስ በሕልሙ ዓለም ኖረ፤ ምርጫው ነበር። ልጂቱ ግን ያንን ዓለም አልመረጠችም። መጀመሪያ ማራኪው አሰራት፤ ሁለተኛ ገዢው አሰራት፤ ሦስተኛ እኛ በግጥም አሰርናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እስራቶች አሁን ልንፈታላት አንችልም። ሦስተኛው ግን ቁልፉ በእጃችን ነው።

ስለዚህ ወንድማችንን እንጠይቃለን፦ ግጥምህን መልሰህ ጻፈው። ዘውዱን አውልቅ፤ ሠረገላውን አውጣ። ገመዱን አስገባ፤ ዋጋውን አስገባ፤ ሻጩን በቋንቋችን አናግረው። ማታ በማታ የሚያስላትን ሳልና በሩ ላይ ያልቆመውን መስፍን አስገባ። ለሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ ይዘንልሃል። እኛም በበኩላችን ሳናስብ ላናጨበጭብ ቃል እንገባለን።