ለተማሪ የሚሆን ብስክሌት

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስለሚኖሩ ተማሪዎች ጥቂት ቃል እንድናገር ከጋዜጣዎ ላይ ትንሽ ስፍራ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ እንጂ የተማሪው መንገድ አላጠረም። ጧት ታክሲ ሲጠብቅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፈዋል፤ ታክሲ ቢያገኝም ለደብተር የታሰበው ገንዘብ ለመሳፈሪያ ይውላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ብስክሌት ይመኛሉ፤ ምኞታቸውም የሚደገፍ ነው። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ስለ ተወደደ፣ አንድ ጊዜ ሳያስተውል የገዛ ተማሪ ሁለተኛ ለመግዛት አቅም አይኖረውም።

የብዙ ልጆች ዓይን የሚያርፈው ከፊትም ከኋላም ሞላ ባለው፣ ቀለሙ በሚያብረቀርቀውና ባለ 21 ማርሽ በሆነው ላይ ነው። ሲያዩት ያምር ሲይዙት ያደናግር ማለት ይህ ነው። በርካሽ ብስክሌት ላይ የተገጠመ የኋላ ሞላ ክብደት ይጨምራል፤ በዳገትም የእግርን ጉልበት ይበላል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከአዲስ አበባም በእንጦጦ የተለየች ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ አገር ተማሪን የሚጠቅመው ለዳገት ቀላል ማርሽ፣ ለቁልቁለት የታመነ ፍሬን ነው።

እንግዲህ ገዢው አስቀድሞ ቁመቱን ይለካ፤ በእግሩ ቆሞ ብስክሌቱን በመካከል ሲያደርግ አግዳሚው ብረት ሊነካው አይገባም። ያገለገለ የሚገዛ እንደ ሆነ ጎማውን አንሥቶ ያሽከርክር፤ ቸርኬው ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ከሆነ ይተወው። የብየዳውን መጋጠሚያ መሰንጠቁን ይመርምር፤ ሁለቱንም ፍሬን ይዞ ወደ ፊት ይግፋ። በሰፈሩ ያለ ጠጋኝ የሚያውቀውን ዓይነት ይምረጥ። ካለው ከአሥር ብር ሁለቱን ለራስ ቁር፣ ለቁልፍና ለጎማ መንፊያ ያስቀር።

ገንዘቡስ ከወዴት ይምጣ? ለዚህ አባቶቻችን ያወረሱን ዕቁብ አለን። ለምሳሌ 20 ወላጆች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ፣ በየሳምንቱ ለአንዱ 10,000 ብር ይደርሰዋል፤ በ20 ሳምንትም ሁሉም ይዳረሳሉ። መጠኑን እንደ ገበያውና እንደ አቅማቸው ሊወስኑ ይችላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ አይደለምን? ዕጣውም ለወንዶች ብቻ አይሁን፤ መንገዱ ለሴት ልጅም እኩል ይረዝማል።

አንዳንድ ወላጆች በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገድ የሚበረውን የጭነት መኪና አይተው ይሰጋሉ። ስጋታቸው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ልጁን መከልከል ሳይሆን መንገዱን ማስተካከል ነው። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገድ ሲሠራ አይተናል። ይኸው ሥራ እስከ ትምህርት ቤቶቻችን በር እንዲደርስ፣ ትምህርት ቤቶችም ብስክሌት የሚቆምበትን ጥላና ዘበኛ እንዲያዘጋጁ የሚመለከታቸውን ሁሉ እለምናለሁ። በሰዓቱ ክፍል የገባ ተማሪ ለአገር የሚያተርፈው ከብስክሌቱ ዋጋ ይበልጣልና።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሰበታ