የባሕሩ ትምህርት በባሕሩ ዳር ይሰጥ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ጣና ባሕርና ስለ እርሱ ስለሚሰጠው ሥልጠና ያለኝን አጭር አሳብ በአንባብያን ዓምድ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለው ሥፍራ ሰውን አስወጥቶ የሚታጠር ሳይሆን፥ ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት የታሰበ ነው። ስለዚህ ከዘበኛ ይልቅ ትምህርት ያስፈልገዋል። ዳሩ ግን ትምህርቱ የሚሰጠው ለማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ባሕሩ ጥበቃ በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ተጠርቼ ነበር። በሆቴል አዳራሽ ሁለት ቀን ተቀመጥን፤ ንግግሩ መልካም፥ የታደለውም ወረቀት ብዙ ነበር። ነገር ግን ግራና ቀኝ ብመለከት ያለነው መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ብቻ ነን፤ ከታንኳ የወረደ አንድም ሰው የለም። ማታ በባሕሩ ዳር ላገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ የተማርነውን ባጫውታቸው፥ «ልጄ፥ መረቡን የምጥለው እኔ፤ የምትማሩት እናንተ!» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

እውነታቸውን ነው። ነጭ ዓሣ ከሚባለው ወገን አብዛኛው በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኝም፤ በክረምትም ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች እየወጣ ዕንቍላሉን ይጥላል። በዚያ ወራት በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው የሚያጠምደው የከርሞውን ዓሣ ጭምር ነው። እንቦጩም ቢሆን ተነቅሎ በውኃው ጠርዝ ከተተወ መልሶ ይበቅላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው በውኃው ላይ የሚውለው ሰው ነው።

በዛንዚባር አጠገብ ያለችው የቹምቤ ደሴት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 የባሕር ጥብቅ ሥፍራ ስትሆን፥ ለጠባቂነት ከሠለጠኑት ውስጥ ቀድሞ ዓሣ አጥማጆች የነበሩ ይገኛሉ። እነርሱም የደመወዝ እንጀራ አግኝተው የሙያ ጓደኞቻቸውን የሚመክሩ ሆኑ። የአገሩ ተማሪዎችም ወደ ደሴቲቱ እየተወሰዱ የባሕራቸውን ሀብት በዓይናቸው ያያሉ። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን ስለ ዘር ሲያስተምሩን ጓሮ አውጥተው ያስቆፍሩን ነበር፤ ከዚያ ዘመን ትምህርት ዛሬ ድረስ ያልረሳሁት ይህንን ነው።

እንግዲህ አሳቤ ይህ ነው። ሥልጠናው ታንኳ በሚቆምበት ሥፍራ፥ ክረምት ሳይገባ፥ ለዓሣ አጥማጁና ለደንገል ቆራጩ ይሰጥ። ባሕሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም ከሊቃውንቱ ጎን በመምህርነት ይቁሙ። በመራቢያው ወራት መረቡን የሚሰበስብ ሰው ልጆቹን የሚያበላው ስለሚሻ፥ ንብ ማነብን የመሰለ ሌላ ሙያ አብሮ ይማር። ተማሪዎቻችንም በዓመት አንድ ቀን ወደ ባሕሩ ይውረዱ።

የመንግሥት ሠራተኛ ወንድሞቼና እኅቶቼ በአበላቸው እንደቀናሁ አይቁጠሩብኝ፤ እኔም ተቀብያለሁ። የምለው፥ የሥልጠናው ፍሬ በአዳራሹ በተፈረመው የስም ዝርዝር ሳይሆን፥ በክረምት ከወንዙ አፍ በሚነሣው መረብ ይቈጠር ነው። ውኃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ ይባላልና።

አክባሪዎ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከባሕር ዳር