ሐሳብ አያነብም

«ሲስተር፣ ይህ ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀው የጌም መሣሪያ የልጁን ሐሳብ ያነባል?» ሲሉ አንዲት አያት ጠየቁኝ። አያነብም። እንደ ኒውሮስካይ ማይንድዌቭ ያለው ግንባር ላይ በሚያርፍ አንድ ኤሌክትሮድ የአንጎልን እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለካል፤ ልጁ ማተኮሩን ወይም መረጋጋቱን በግምት በቁጥር ያሳያል። ዓይን ሲርገበገብ ወይም ጥርስ ሲነከስ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ከአንጎሉ ስለሚበረታ ልኬቱን ያዛባል። የሆስፒታሉ ኢኢጂ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ 20 የሚጠጉ ኤሌክትሮዶች አሉት፤ ውጤቱንም የሚያነበው ሐኪም ነው።

ስለዚህ መሣሪያው ለጨዋታ ብቻ ይሁን። ቁጥሩ ዝቅ አለ ብላችሁ ልጃችሁን «ሰነፍ» አትበሉት። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካላችሁ ደግሞ፣ ቁጥሩ ጥሩ ነው ተብሎ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ አደራ። ብልጭ ድርግም የሚል ጌም በአንዳንድ ልጆች ላይ ሕመሙን ስለሚቀሰቅስ አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።