እርከኑ የዳገቱ ገበሬ ዕዳ ብቻ አይደለም

ሐምሌ ላይ ጉደር ድልድይ ላይ ቆሞ ወንዙን ያየ ሰው የደፈረሰው ውሃ ምን ተሸክሞ እንደሚወርድ ያውቃል። ጤፍ ልስልስ ማሳ ይፈልጋል፤ ገበሬው ደጋግሞ አርሶ ያለሰልሰዋል፤ ዘሩ ገና ሳይሸፍነው ከባዱ ዝናብ ይደርስበታል። ያ አፈር ነው ከሁሉቃና ከሌሎቹ ገባሮች ጋር ወደ ጉደር፣ ከጉደርም ወደ ዓባይ የሚሄደው። ዛሬ ደግሞ ከታች የሕዳሴው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቁን ዘርግቶ ይጠብቀዋል።

መድኃኒቱ እርከን መሆኑን ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል። አዝመራው ተሰብስቦ የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ሲታወጅ ጉልበቱን በነጻ የሚሰጠው እሱ ነው። ግን እርከን ከማሳው ላይ መሬት ይወስዳል። በሬ እንደ ልብ አያዞርም፣ አይጥም ይራባበታል። ጥቅሙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ሲሆን ጉድለቱ የሚታየው በመጀመሪያው አዝመራ ነው። ግማሽ ጥማድ ለምታርስ እናት ያቺ ጉድለት የልጆች እንጀራ ናት። በበጋ የተሠራ እርከን በክረምት በማረሻ ተንዶ ስናገኘው ስንፍና አንበለው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ የበለጠ መሬት እንዳይታረስ፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ጠረጴዛማ እርከን ሳይሠራበት ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት ደንግጎ ነበር። ግዴታው ትክክል ነው። ወጪው ግን በባለይዞታው ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት የተጀመረው ሴፍቲኔት ለአፈር ጥበቃ ሥራ እህልና ገንዘብ ይከፍላል፤ የተቀረጸው ግን የምግብ እጥረት ለጸናባቸው ወረዳዎች ነው። ጉደር ያለበት፣ ትርፍ አምራች የሚባለው ምዕራብ ሸዋም ግን አፈሩ እየሄደበት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በቀላሉ የሚሸረሸር ማሳውን ከ10 እስከ 15 ዓመት ለሚያሳርፍ ገበሬ በየዓመቱ ኪራይ ትከፍላለች። እኛ ያን ያህል አቅም የለንም። ነገር ግን ሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ መሬቱ የሁላችን ከሆነ እርከኑ የአንድ ሰው እንዴት ይሆናል?

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። በወንዙ ዳር በሞተር ውሃ እየሳባችሁ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለሙ ወገኖቼ፣ ውሃችሁ በበጋ የሚቆየው ከላይ ያለው ዳገት ዝናቡን ካሰረገው ነው፤ እርከኑ በደቦ በሚሠራበት ቀን ዶማ ይዛችሁ ውጡ። የጉደርና የአምቦ ነጋዴዎች፣ እርከኑ ላይ የሚተከል የደሾ ሣር ችግኝና ድንጋይ የምታመላልስ መኪና ስጡ። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ ተዳፋቱን ለክታችሁ የእርከኑን መስመር አውጡ።

የቶኬ ኩታዬ ወረዳ ኃላፊዎች ሆይ፣ ለተጎሳቆለ መሬት ማገገሚያ የተቋቋመው ልዩ ፈንድ የዳገቱን ገበሬ እንዲያስታውስ ድምፃችሁን አሰሙ። ክፍያው ሲመጣም ለተቆፈረ ሜትር አይሁን፤ በጥቅምት ይለካ፣ ክረምቱን ተሻግሮ ለቆመ እርከን ይከፈል። ገበሬው የሚጠብቀው ነገር ካለው አይንደውም።

ወረዳው ሁሉ በአንድ ዓመት አይዳረስም። ከድልድዩ በላይ ካሉት ትናንሽ ተፋሰሶች አንዱን መርጠን በዚህ ጥር እንጀምር።