እንቁላል ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ

ዩክሬናውያን የፋሲካ እንቁላላቸውን «ቀባን» አይሉም፤ «ጻፍን» ነው የሚሉት። ፒሳንካ የሚለው ስም የተገኘውም «መጻፍ» ከሚለው ግሣቸው ነው። ተቀቅሎ፣ አንድ ቀለም ለብሶ የሚበላው እንቁላል ሌላ ስም አለው፤ ክራሻንካ ይባላል።

ሥራው ከጥንት ጀምሮ የሴቶች ነው። በዐቢይ ጾም ወቅት ጸሐፊዋ ጥሬ እንቁላል ይዛ ከሻማ ፊት ትቀመጣለች። መሣሪያዋ ኪስትካ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት ቧንቧ የታሰረበት እንጨት። በቀለጠ የንብ ሰም ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልገውን መስመር ትጽፍና እንቁላሉን ቢጫ ቀለም ውስጥ ትነክረዋለች። ቢጫ የሚቀረውን ደግሞ በሰም ትሸፍናለች፤ ከዚያ ቀይ፣ በመጨረሻም ጥቁር። አሁን በእጇ ያለው ጠቋቁሮ በሰም የተጨማለቀ፣ ዓይን የማይስብ ነገር ነው። ከሻማው ጎን አስጠግታ ሰሙን በጨርቅ ስትጠርገው ግን ፀሐዩ፣ የስንዴው ዛላ፣ አጋዘኑ ይወጣል። በሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ እዚህም ሰሙ ካልተገፈፈ ወርቁ አይታይም።

ይህ ጽሑፍ መዝገብም አለው። ሰርሂይ ኩልዥንስኪ እ.ኤ.አ. በ1899 የሉብኒ ከተማን ሙዚየም ስብስብ ሲያሳትም ከ2,000 በላይ እንቁላሎችን ዘርዝሯል። በሶቪየት ዘመን ሃይማኖታዊ ልማድ ሁሉ በክፉ ዓይን ሲታይ፣ ሙያውን ካቆዩት መካከል ወደ ካናዳና አሜሪካ የተሰደዱ ቤተሰቦች ነበሩ። በ2024 ዩኔስኮ ፒሳንካን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

መዝገቡ የሚጠብቀው ግን ምኑን ነው? ቅርጹን ከሆነ ችግር የለም። በካናዳ ቬግሬቪል ከተማ ከ1975 ጀምሮ የቆመ፣ ነፋስ የሚያዞረው ግዙፍ የአሉሚኒየም እንቁላል አለ፤ በዩክሬን ኮሎሚያ ከተማም የፒሳንካው ሙዚየም ሕንፃ ራሱ እንቁላል ነው። ሁለቱም ያምራሉ፤ ለመታሰቢያነት የቆሙ በመሆናቸውም ማንም ፒሳንካ ናቸው ብሎ አይሳሳትም። የሚያሳስበው በብሩሽ ተቀብቶ «ፒሳንካ» እየተባለ ለቱሪስት የሚሸጠው የእንጨት እንቁላል ነው። ሰም አልነካውም፣ ቀለም ውስጥ አልተነከረም፤ ሠሪውም በአንድ ስህተት የሌሊት ድካሙን አያጣም። በዚህ ስም መጠራቱ ቢቀርበት ይሻላል።

እውነተኛው ውስጡ ጥሬ ነው። በጥንቃቄ ከተያዘ ዓመታት እያለፉ ይደርቃል። ሳይደርቅ ከተሰነጠቀ ግን ክርፋቱ ቤት ያስለቅቃል፤ የእንጨቱ ይህ ጣጣ የለበትም።