የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፦ አርሶ አደሩ የሚጠብቀው የዓለም ቅርስ

በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በሪያድ የተካሄደው 45ኛው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ ከኢትዮጵያ ሁለት ሥፍራዎችን በዓለም ቅርስ መዝገብ አስፍሯል። አንደኛው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ ሁለተኛው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሁለቱ በአንድ ጉባኤ ይመዝገቡ እንጂ የአጠባበቅ ሥርዓታቸው ለየቅል ነው። የባሌ ተራሮች ወሰኑ በሕግ የተከለለ፣ ኃላፊነቱም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የሆነ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር ግን ሕዝብ የሚኖርበት፣ የሚያርስበትና ቡና የሚለቅምበት ይዞታ ነው። ስለዚህም ከዲላ እስከ ይርጋጨፌና ከዚያም ወዲያ ባሉ ቀበሌዎች ለሚኖር ዜጋ፣ ምዝገባው በመሬቱ ላይ ምን እንደሚለውጥና ምን እንደማይለውጥ ማወቅ ተገቢ ይሆናል።

የብሔራዊ ፓርኮች ልምድ

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ፓርክ አስተዳደር መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። በ1963 በሰር ጁሊያን ሃክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ልዑክ ወደ አገሪቱ መጥቶ የዱር እንስሳትና መኖሪያቸው እንዲጠበቁ ምክረ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው አሥር ዓመት የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ፤ የአዋሽና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮችም በ1969 ሕጋዊ ህልውና አገኙ። የስሜን ተራሮች በ1978 ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ሥፍራዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ፓርኮቹ ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና የወንዞችን መፍለቂያ ለትውልድ ያቆዩ የሕዝብ ሀብቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ጥበቃው ያስከፈለው ዋጋ ነበር። አዋሽ ሲከለል የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች የግጦሽና የውኃ ሥፍራቸው ጠቧል። የስሜን ተራሮች ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ቆይቷል፤ ከመዝገቡ የወጣውም በፓርኩ ውስጥ የነበሩ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ ከጥበቃው ተጠቃሚ ካልሆነ ወሰን ማስከበር አድካሚ፣ ዋጋውም ከባድ ይሆናል።

በጌዴኦ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

የጌዴኦ ምድር በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ያለ ተዳፋት ነው። በአገሪቱ የገጠር ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሰፈረባቸው አካባቢዎችም አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ተዳፋት በሕዝብ ብዛት ተጨናንቆ ሳለ አፈሩ ሳይታጠብ የቆየው በደረጃ በተደራጀ የጥምር ደን እርሻ ምክንያት ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰት ይቆማል፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናና ልዩ ልዩ ተክሎች ይበቅላሉ። የዛፎቹ ቅጠል ረግፎ አፈሩን ያዳብራል፤ ሥራቸው መሬቱን ይይዛል፤ እንሰቱ ዝናብ ባጠረ ጊዜ የቤተሰብ መተማመኛ ይሆናል። በደጋው እንሰትና ዛፍ፣ በወይና ደጋው እንሰትና ቡና፣ ዝቅ ባለው ሥፍራ ደግሞ ቡናና ፍራፍሬ አይለው ይታያሉ።

ከእርሻው መካከል ለሥርዓተ አምልኮ ተጠብቀው የኖሩ ደኖች አሉ። በተራሮቹ አናት ላይም ቱቱ ፈላንና ጨልባ ቱቲቲን የመሳሰሉ የትክል ድንጋይ ሥፍራዎች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የአርኪኦሎጂ ጥናት በሳካሮ ሶዶ ያሉት ትክል ድንጋዮች በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የቆሙ መሆናቸውን አመልክቷል፤ ይህም ቀድሞ ይገመት ከነበረው ከ1000 ዓመት በላይ የሚቀድም ነው። እነዚህን ደኖችና ድንጋዮች ያቆየው ባሌ በተሰኘው የጌዴኦ ባህላዊ አስተዳደርና ሶንጎ በተባለው ሸንጎ የሚመራ የሽማግሌዎች ጥበቃ ነው።

መብትና ግዴታ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1977 ያጸደቀችው የዓለም ቅርስ ስምምነት በአንቀጽ 6 የአገሮችን ሉዓላዊነት ያከብራል፤ በአገር ሕግ የተረጋገጠ የንብረት መብትንም እንደማይነካ ይደነግጋል። ስለሆነም ሥፍራው በመመዝገቡ ብቻ አርሶ አደሩ የመሬት ይዞታውን አያጣም፤ እንሰት ከመትከል፣ ቡና ከመልቀምም አይከለከልም። እንዲያውም የተመዘገበው ይኸው የአሠራር ጥበብ በመሆኑ አርሶ አደሩ ቢነሣ ቅርሱም አብሮ ይጠፋል።

ግዴታን በሚመለከት፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሁለት ነጥቦችን ያስገነዝባል። የመጀመሪያው፣ የማይንቀሳቀስ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሥፍራው ማንሣት የተከለከለ መሆኑ ነው። ትክል ድንጋይን ለቤት መሠረት፣ ለአጥር ወይም ለመንገድ ሥራ ማዋል ከዚህ ክልከላ አይወጣም። ሁለተኛው፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ፣ በማዕድን ፍለጋ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ባለበት ጠብቆ ማቆየት ያለበት መሆኑ ነው። ለገጠሩ ነዋሪ ቅርቡ መንገድ ለቀበሌው አስተዳደርና የባህልና ቱሪዝም ሥራን ለሚመራው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ነው።

ያንዣበበው ጫና

ሕግ ድንጋዩን ከመነሣት ሊጠብቅ ይችላል፤ የጓሮውን ዛፍና እንሰት ግን በየዓመቱ የሚጠብቀው የአርሶ አደሩ ውሳኔ ነው። ይዞታ ለልጆች በተከፋፈለ ቁጥር ቶሎ ገንዘብ የሚያመጣ ተክል ያጓጓል። ዋንዛው ተቆርጦ ባሕር ዛፍ ሲተካ ወይም እንሰቱ ተነቅሎ ጫት ሲተከል፣ ቤተሰቡ ለጊዜው ሊጠቀም ቢችልም የጥላው፣ የአፈሩና የምግቡ ትስስር ይበጠሳል። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሲሄድ ደግሞ የሽማግሌዎቹ ዕውቀት ተረካቢ ያጣል።

በአንጻሩ ጥምር እርሻውን የሚደግፍ የገበያ ዕድል አለ። የይርጋጨፌ ቡና ስም በኢትዮጵያ የንግድ ምልክትነት በውጭ አገሮች ጭምር ጥበቃ ያገኘ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብም ከ2020 ፍጻሜ በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የተመረተ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። የአፈጻጸም ጊዜው ቢራዘምም፣ ገዢዎች ቡናው የበቀለበትን ማሳ አቀማመጥ የሚያሳይ መረጃ መጠየቃቸው አይቀርም። በዛፍ ጥላ ሥር ለኖረ የጌዴኦ ቡና ይህ መልካም አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአነስተኛ ማሳዎች መረጃ በወቅቱ ካልተሰበሰበ፣ ደኑን ጠብቆ ያቆየው አርሶ አደር ደን እንደመነጠረ ሰው ከገበያ ሊገለል ይችላል።

ስለዚህ ኃላፊነቱ የጋራ ነው። በትክል ድንጋይ ሥፍራዎችና በባህላዊ ደኖች አቅራቢያ ለመገንባት፣ ድንጋይ ለማውጣት ወይም ዛፍ ለመቁረጥ ያሰበ ነዋሪ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ቢጠይቅ ከጉዳትም ከክርክርም ይድናል። የመንግሥት አካላትም በበኩላቸው ለሚጠይቀው ዜጋ ግልጽ መልስ የመስጠት፣ የማሳ መረጃን የማደራጀትና ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ ለጠባቂው ማኅበረሰብ እንዲደርስ የማድረግ ግዴታ አለባቸው። የጌዴኦ አርሶ አደር ይህን ምድር ጠብቆ ያኖረው ኑሮውን የሚሸፍንለት ስለሆነ ነው፤ ወደፊትም የሚጠብቀው እንደዚያው ሆኖ ሲቀጥል ነው።